በውኃ ላይ ስለሚሄዱ መንገደኞች፤ የጣና ታንኳና የእንጨት መርከብ ታሪክ

በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ስለ መንገደኞች በሚጸልይበት ሰዓት በየብስ የሚሄዱትን ብቻ አያነሣም፤ በባሕርና በወንዝ፣ በሐይቅም ላይ የሚጓዙትን አብሮ ያነሣል። ሕዝቡም ይህን ጸሎት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ ሰማው አሜን ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን የፍኖተ ሰላምና የቡሬ፣ የጂጋና የደምበጫ ሰው አራሽና ነጋዴ እንጂ መርከበኛ አይደለምና፣ ስለ ባሕር መንገደኛ የሚጸለየው ጸሎት የሩቅ አገር ሰው ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ጸሎቱ የሩቅ ሰው ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ታሪክ ግን አለ፤ ከፊሉ በገዛ አገር ውኃ ላይ፣ ከፊሉም በሌላ ዓለም ሐይቅ ላይ የተፈጸመ ነው።

በመጀመሪያ፣ የምዕራብ ጎጃም ሰው ከውኃ ጋር ትግል የሌለው ሕዝብ አይደለም። ብርና ተምጫ፣ ላህና ፈጣም በበጋ ልጅ የሚሻገራቸው ሲሆኑ፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ጎልማሳውን ከነበቅሎው የሚወስዱ ናቸው። ከቡሬ ገበያ ተነሥቶ ወደ ወለጋ የሚሄድ ነጋዴም በቀድሞ ዘመን ድልድይ ሳይሠራ የዓባይን በረሃ ወርዶ መሻገር ግዴታው ነበረ። ከዚህም በላይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ውኃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ይወርድና ከጣና ባሕር ይገባል። እንግዲህ ጣና የሚጠጣው ውኃ ከጎጃም ተራራ የወረደ ነው፤ በጣና ላይ የሚደርሰውም ጥፋት ለጎጃም ሰው የባዕድ ወሬ አይደለም።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር ላይ የተኛ ነው። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱም 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ውኃው ጥልቅ አለመሆኑን የሰማ ሰው አደጋው ቀላል ይመስለው ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጥልቅ ባሕር ማዕበሉ ረዥምና ዝግ ያለ ስለ ሆነ መርከብ እየወጣችና እየወረደች ልትሄድበት ትችላለች። ጥልቀቱ ጥቂት በሆነ ሐይቅ ግን ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረብ ይሆናል፤ ጀልባይቱም ከአንዱ ሳትነሣ ሁለተኛው ይመታታል። ጧት እንደ መስታወት ረግቶ የታየው ባሕር ከቀትር በኋላ ፀሐይ የብሱን ካሞቀች ወዲያ ነፋስ ያነሣበታል። ስለዚህ የባሕሩን ጠባይ የሚያውቁ ታንከኞች ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ከቀትር በፊት ለመድረስ ይተጋሉ።

የጣና ሰው የቀድሞ መጓጓዣ ከደንገል የሚታሰር ታንኳ ነው። ሠሪዎቹም በተለይ በዚህ ጥበብ የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያም ነዶ በነዶ ተጠፍሮ አፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይታሰራል። ታንከኛውም በረዥም ዘንግ እየገፋ ይነዳዋል። ከዘጌ ቡናና ማገዶ፣ ከዳርቻውም እህል በዚህ ተጭኖ ይሻገር ነበረ፤ እስከ ዛሬም ድረስ በጣና ላይ ታንኳ አልጠፋም። ጎድሎው ዕድሜው ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ መድረቅ ይገባዋል፤ እንዲህም ተደርጎ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። በጎነቱ ደግሞ ደንገል በተፈጥሮው ተንሳፋፊ ስለ ሆነ ውኃ ቢገባበት እንኳ እንደ ድንጋይ ወደ ታች አለመውረዱ ነው። ታንኳ ማዕበል ሲመታው ሰውን ይጥላል፣ ጭነትን ይገለብጣል፤ የወደቀው ሰው ግን እጁ ከደረሰ የሚይዘው ነገር አያጣም።

የባሕሩ ደሴቶች የጸሎት ቦታዎች መሆናቸው ለሁሉ የታወቀ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ነው፤ ጣና ቂርቆስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም በዚያው ይገኛሉ። በሽብር ዘመን ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት በደሴቶቹ ይሸሸጉ ነበረ፤ ሕዝቡም እህሉን ይዞ ወደዚያው ይሸሽ ነበረ። ደሴቶቹን የጠበቀው ግንብ አይደለም፤ ውኃው ነው። ስለዚህ በጣና ላይ ጠንካራ መርከብ ያለው ሰው የደሴቶቹን በር መክፈቻ እንደ ያዘ ይቈጠር ነበረ።

ይህን አጥብቀው የተረዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በጥር ወር 1858 ዓመተ ምሕረት ከሠራዊታቸው ጋር በዳሞት ሰፍረው ሳሉ የእንግሊዝ ንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም፣ ከሐኪሙ ከሄንሪ ብላንክና ከመኰንኑ ከፕሪዶ ጋር መጥቶ እጅ ነሣቸው። እንግዲህ በኋላ በመቅደላ የተፈጸመው ታላቅ ነገር አንዱ መነሻ በዚሁ በጎጃም ምድር ነው። ከዚያ መልእክተኞቹ በታንኳ ተሻግረው በቆራጣ ተቀመጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በፊት ለፊት በዘጌ ሰፈሩ። በሚያዝያ ወር መልእክተኞቹ ለስንብት ወደ ዘጌ በተሻገሩ ጊዜ ተያዙ፤ ነገሩም ወደ እስራትና ወደ ጦርነት ሄደ።

ብላንክ ከእስራት ከተፈታ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ላይ የእንፋሎት መርከብ አምሳያ ለማሠራት ሞክረው ነበረ። እያንዳንዱ 60 ጫማ ርዝመትና 20 ጫማ ስፋት ያለው፣ ከታች ደንገል ሆኖ ከላይ የእንጨት ወለል የተነጠፈበት ሁለት ታላላቅ ታንኳ ተሠራ። በጎንና በጎኑም እንደ እንፋሎት መርከብ መንኰራኵር ተደረገለት። ነገር ግን መንኰራኵሩን የሚያዞረው እንፋሎት ሳይሆን የሰው ክንድ ነበረ፤ እንደ መሳል ድንጋይ በእጅ ይዘወር ነበረ። ሥራው የታሰበውን ያህል አልሆነም። የመርከቡ መልክ ተገኝቶ ነበረ፤ ኀይሉ ግን አልነበረም። ደንገል የጥቂት ሰውና የጥቂት ጆንያ ጭነት ይሸከማል እንጂ የእንጨት ወለልና መንኰራኵር፣ ብዙ ሠራዊትም ተጨምሮበት ውኃ ሲጠጣ የሚሸከምበት ጕልበት የለውም።

በዚህ ነገር ዐፄ ቴዎድሮስን መሳለቅ አይገባም። እርሳቸው የፈለጉት አገራቸው ጥበብ እንድታገኝ ነበረ። ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ልከው የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችንና መሣሪያዎችን እንዲያመጣ አዘው ነበረ። ሠራተኞቹም ተቀጥረው እስከ ምጽዋ ደረሱ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱም በሚያዝያ 1860 ዓመተ ምሕረት በመቅደላ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ ጣና ላይ የእንፋሎት ጢስ ገና አልታየም ነበረ። ጥበብ በሰላም መንገድ ካልመጣ መልኩ ብቻ እንደሚቀር ይህ ታሪክ ያስረዳል።

እንግዲህ አንባቢ፣ መርከቡ በእውነት ቢሠራ፣ የእንጨቱ ገላ ቢጠነክር፣ እንፋሎቱም ቢገኝ፣ ከማዕበሉ ይዳን ነበረን? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ የሚገኘው እንዲህ ያሉ መርከቦች በብዛት በነበሩበት አገር ነው። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ታላላቅ ሐይቆች አሉ፤ ከእነርሱም ትልቁ ሱፒሪየር የሚባለው ነው። ርዝመቱ 560 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ሐይቅ ዳር ብዙ ደን ስለ ነበረ ሳንቃ የሚጭኑ የእንጨት የእንፋሎት መርከቦች ብዙ ነበሩ። አንዱ መርከብ ራሱ ሳንቃ ተጭኖ፣ ሌላም ሳንቃ የተጫነች መርከብ በገመድ እየጎተተ ይሄድ ነበረ። ንግዱ እጅግ ተፎካካሪ ስለ ነበረ ክረምቱ ሐይቁን በበረዶ ሳይዘጋው አንድ ጊዜ እንኳ ጨምሮ ለመመላለስ ባለመርከቦች ይጣደፉ ነበረ። አደጋውም የሚበዛው በዚህ በመጨረሻው ጉዞ ነበረ።

ከእነዚህ መርከቦች አንዱ ማይሮን ይባል ነበረ። በ1888 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተሠርቶ 31 ዓመት ያገለገለ ነው። ኅዳር 12 ቀን 1912 ዓመተ ምሕረት፣ በኢትዮጵያ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ሳንቃ ጭኖ፣ ሚዝቴክ የምትባለውንም መርከብ እየጎተተ ከሙኒሲንግ ወደብ ተነሣ። የመርከቡ አለቃ ዋልተር ኒል ይባል ነበረ። ከወደቡ ከወጡ በኋላ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ በብርቱ ተነሣ፤ ብርዱም በጣም ስለ ጠና በመርከቡ ላይ የሚፈሰው ውኃ ወዲያው በረዶ እየሆነ ይጋገርበት ጀመረ። በረዶውም ከጭነቱ ላይ ሌላ ጭነት ሆነ።

የእንጨት መርከብ ጠባይ ይህ ነው፤ ገላው ሳንቃ ከሳንቃ ጋር ተጋጥሞ፣ መጋጠሚያውም ተደፍኖ የተሠራ ነው። ባረጀ ጊዜ መጋጠሚያው ይላላል፤ በማዕበል ሲጣመምም ውኃ ያስገባል። የገባውን ውኃ የሚያወጣው መምጠጫ የሚሠራው በእንፋሎት ነው፤ እንፋሎት የሚገኘው ከእሳቱ ነው፤ ውኃው ከፍ ብሎ እሳቱን ካጠፋው ግን መምጠጫውም ይቆማል፣ መርከቡም ጕልበቱን አጥቶ ጎኑን ለማዕበል ይሰጣል። በማይሮን የደረሰው ይኸው ነው። አለቃው መርከቡ እየከበደ መሄድ ባቃተው ጊዜ የሚጎትታትን ሚዝቴክን ለቀቃት፤ እርስዋም በዚያ ሌሊት ዳነች። አድሪያቲክ የሚባል ሌላ መርከብ ቀርቦ ከማዕበሉ ሊከልለው ሞከረ። ነገር ግን የማይሮን እሳት ጠፋ፤ ዋይትፊሽ ከሚባለው የምድር አፍንጫ ጥቂት ሲቀረውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ልብን የሚያሳዝን ነው። መርከበኞቹ በሁለት የነፍስ ማዳኛ ጀልባ ወርደው ነበረ፤ ነገር ግን የመርከቡ ጭነት ሳንቃ ነበረና ሲሰጥም ጭነቱ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ በማዕበሉ እየተንሣፈፈ ጀልባዎቹን ከበባቸው። እንደ ግድግዳ የሚወረወረው ሳንቃ የሚያድናቸውን ሰው አላስቀርብ አለ። አድሪያቲክ ደጋግሞ ሊደርስላቸው ሞክሮ ታቹ ከመሬት ጋር ተነካካ። ማኪንቶሽ የሚባል ሌላ መርከብ ቀርቦ ገመድ ወረወረላቸው፤ የሰዎቹ እጅ ግን በብርድ ደርቆ ስለ ነበረ ገመዱን ለመያዝ አልቻሉም። የነፍስ አድን ዘበኞችም በጀልባ ወጥተው በሳንቃው ምክንያት ሊደርሱላቸው አልቻሉም። ከአለቃው በቀር መርከበኞቹ ሁሉ ሞቱ። አለቃው ኒል ግን መሪው የሚቀመጥበት ክፍል ጣራ ተገንጥሎ ሲንሳፈፍ በእርሱ ላይ ተጋድሞ ሌሊቱን አሳለፈ፤ በማግሥቱም ሌላ መርከብ አግኝቶ አነሣው።

የሞቱት ሰዎች የመንሳፈፊያ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በበረዶ ደርቀው ተገኙ። የባሕሩ ዳር ነዋሪዎችም 8ቱን ከዳርቻው በረዶ ፈልፍለው አውጥተው በቤይ ሚልስ መቃብር ቀበሩዋቸው። ዘመዶቻቸው ሳይሆኑ ይህን አደረጉ። ጦቢት በነነዌ ምርኮ ሳለ በየመንገዱ የወደቀውን የወገኑን ሬሳ እያነሣ ይቀብር እንደ ነበረ ካህናት ያስተምራሉ፤ የእነዚህም ሰዎች ሥራ ከዚያ የሚቈጠር ነው። በዚያ ሌሊት የዳነችው ሚዝቴክም በግንቦት 1913 ዓመተ ምሕረት በዚያው አካባቢ በሌላ ማዕበል ሰጠመች።

ይህን ታሪክ ከቅዱስ ጳውሎስ የባሕር ጉዞ ጋር ያስተያየ ሰው ትልቅ ትምህርት ያገኛል። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈ፣ ሐዋርያው የተሳፈረባት መርከብ የክረምት መግቢያ ሲደርስ መነሣት እንደማይገባት አስጠንቅቆ ነበረ፤ የመቶ አለቃው ግን ከጳውሎስ ቃል ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት ሰማ። ማዕበሉ በጠና ጊዜ ዕቃውን፣ በኋላም ስንዴውን ወደ ባሕር ጣሉ። መርከቢቱ ተሰባበረች፤ በውስጥዋ የነበሩት 276 ነፍስ ግን ከፊሉ በመዋኘት፣ ከፊሉም በሳንቃና በመርከቢቱ ስብርባሪ ተንጠልጥለው ወደ መላጥያ ምድር ወጡ። በዚያ ጭነቱ ተጣለና ሰው ዳነ፤ ሳንቃውም መዳኛ ሆነ። በማይሮን ግን ጭነቱ እስከ መጨረሻው አብሮ ሄደ፤ ሳንቃውም መዳንን የሚከለክል አጥር ሆነ። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ለትርፍ ሲባል የተደረገ ጉዞ።

በጣና ላይም የሞተር ጕልበት ከጊዜ በኋላ ደርሶአል። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት፣ ጣሊያኖች በጎርጎራ የመርከብ መቆሚያ አበጅተው በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችን አምጥተው ነበረ። ከነጻነት በኋላም በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል፣ በዘጌና በደሴቶቹም ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ የሞተር መርከቦች ሠርተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደንገልና በእንጨት፣ በሰው ክንድም የሞከሩት ነገር በሌላ መንገድ ተፈጸመ። ሆኖም ብረቱም እንጨቱም፣ ደንገሉም ቢሆን፣ ከልክ በላይ ሲጫን የሚሸከም አይደለም፤ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስም ሞተር ያለውንና የሌለውን አይለይም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። በውኃ ላይ ሰውን የሚያጠፋው ማዕበሉ ብቻ አይደለም። ልኩን ያለፈ ጭነት፣ ጊዜውን ያለፈ ጉዞ፣ ኀይል የሌለው መልክ ከማዕበሉ አስቀድመው መርከቡን ያቈስሉታል፤ ማዕበሉ መጥቶ የሚፈጽመው የተጀመረውን ነው። ይህም ለሐይቅ መርከብ ብቻ የተነገረ አይደለም። በሐምሌ የሞላውን ብርን ወይም ፈጣምን ገበያ እንዳያመልጠው ብሎ ከነጭነቱ ደፍሮ የሚገባ ሰው የማይሮንን መንገድ ይሄዳል። ወንዙ እስኪጎድል ድረስ በማዶ የሚያድር፣ ከጠና ጭነቱን ጥሎ ነፍሱን የሚያወጣ ሰው ግን የጳውሎስን መርከብ ሰዎች ምክር የያዘ ነው። በዳርቻ ያለውም ሰው ገመድ ለመወርወር፣ የወደቀውን ለማንሣት፣ የሞተውንም በክብር ለመቅበር የተጠራ ነው።

የኢዮቤልዩ ዓመት በኦሪት ሕግ ለጠፋው ርስት መመለሻ፣ ለተሸጠውም ሰው ነጻ መውጫ የታዘዘ ነው። ደብሩ ይህን በዓል ሲያከብር የመሠረቱትንና ያገለገሉትን አባቶች በስማቸው ያነሣል። በውኃ የጠፉት ግን ብዙዎቹ ስማቸው አልተጻፈም፤ ከፊሎቹም መቃብር የላቸውም። ለእነርሱ ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው የምታቀርበው ጸሎት አለ፤ በባሕርና በወንዝ፣ በሐይቅም ላይ ስለሚጓዙት ሁሉ የሚጸለየው ነው። ከእንግዲህ ወዲህ ካህኑ ያን ቃል ባነሣ ጊዜ፣ ጎሕ ሲቀድ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ የሚነሣው ታንከኛ፣ በክረምት በዓባይ ማዶ ቆሞ ውኃው እስኪጎድል የሚጠብቀው ነጋዴ፣ በሩቅም አገር በበረዶ ውስጥ ገመድ ለመያዝ እጁ ያልታዘዘለት መርከበኛ በምእመናን ልብ ይታሰብ። አሜን የሚለውም ሕዝብ የሚለምነው ለማን እንደ ሆነ ዐውቆ ይበል።